ነፍስ የለውም የተባለው ሙዚቃ ለምን እንቅልፍ ነሳኝ?

የሌሊት_ፈረቃ (ክሩን የጀመረው)፣ ሰኞ ማታ 4:10

ሰላም ሰዎች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ማታ ማታ ጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ የመጀመሪያዎቹን የኤሌክትሮኒክ ፖፕ ሥራዎች እሰማለሁ። ክራፍትወርክ፣ ጆርጂዮ ሞሮደር፣ የሎው ማጂክ ኦርኬስትራ፣ ሂውማን ሊግ ገና ጀማሪ ሳሉ የቀዷቸው... ሲጀመር ለሳቅ ነበር። «እስቲ ሰው ሮቦት ልሁን ሲል ልየው» ብዬ። አሁን ሳቁ ቀርቷል፣ እንቅልፉም አብሮ ቀርቷል።

ግራ የገባኝ ይሄ ነው። ዛሬ ስልኬ ላይ ያለው ነፃ መተግበሪያ እነሱ ክፍል ሙሉ ዕቃ ደርድረው ካወጡት በላይ የድምፅ ዓይነት አለው። ታዲያ ለምንድነው የዛሬው በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው የሚወጣው፣ የነሱ ግን እዚያው የሚቀረው?

የጀርመኖቹን የክራፍትወርክን «አውቶባን» እንውሰድ። 1974 ነው የወጣው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የመኪና በር ይዘጋል። ሞተር ይነሳል። ክላክስ ይነፋል። ቀጥሎ ከጉሮሮ ይውጣ ከሽቦ የማይለይ ድምፅ የመንገዱን ስም እየጎተተ ይጠራዋል። ከዚያ በኋላ 22 ደቂቃ ሙሉ መንዳት ነው። የከዳች ፍቅረኛ የለች፣ እሮሮ የለ። ሌላ መኪና ሽው ብሎ ያልፋል፣ ራዲዮ ይከፈታል፣ መንገዱ ይቀጥላል። በመስኮት ውጭ ውጭውን እያዩ ዝም የማለት ስሜት አለ አይደል? ልክ እሱ። እኔ ደግሞ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም።

እናንተስ ምኑ ነው የሚስባችሁ? ወይስ እኔን ብቻ ነው ነካ ያደረገኝ?


ስድስት_ክር፣ 4:25

ናፍቆት ነው ወንድሜ። ያውም ያልኖርክበትን ዘመን።

ጊታር ስትጫወት ጣትህ ይላጣል፣ ክር ይበጠስብሃል፣ ተናደህ ስትመታውና ደስ ብሎህ ስትመታው ድምፁ አንድ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ቁልፍ ተጭነው እጃቸውን አጣጥፈው ይቆማሉ። ማሽኑ ይዘፍናል፣ እነሱ ጭብጨባ ይቀበላሉ። ነፍስ የለውም። አለቀ።


ዳር_ተመልካች፣ 4:27

ጉድ ፈላ። ፈንዲሻዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ።


ማዕበል፣ 4:41

ዳር ተመልካች፣ ፈንዲሻ ካልክ አይቀር «ፖፕኮርን» የሚባለውን ዜማ ፈልገህ ስማው። ጌርሾን ኪንግስሊ 1969 ላይ በሙግ ሲንተሳይዘር (በኮረንቲ ድምፅ የሚፈጥር መሣሪያ) የሠራው ነው። ሆት በተር የሚባል ቡድን 1972 ላይ እንደገና ተጫውቶት ብዙ አገር አዳረሰው። ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ «እንዴ፣ ይሄንንማ አውቀዋለሁ!» ትላለህ። ዜማውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ሠሪውን ግን ማንም አያውቀውም። የዚህ ሙዚቃ ዕጣ ፈንታ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው።


ብየዳ፣ 5:30

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። ኪቦርድና አምፕሊፋየር ስጠግን ያረጀሁ ሰው ነኝ። እስቲ ከዕቃው በኩል ልናገር።

ስድስት ክር፣ ልጄ፣ «ቁልፍ ተጭነው» ያልከው የዛሬውን አይተህ ነው። ያኔ እንዲህ ተጭኖ የሚያበቃ ነገር አልነበረም። ትልቁ ሙግ የድሮ የስልክ ማዞሪያ ቦርድ በለው። ድምፅ እንዲሰጥህ ሽቦውን ከዚህ ነቅለህ እዚያ ትሰካለህ፣ ይሄን በጥቂቱ ታዞራለህ፣ ያንን ትመልሳለህ። ያገኘኸውን ድምፅ የሚያስቀምጥልህ ቦታ የለም። ነገም ያንኑ ከፈለግህ ሽቦው ሁሉ የት የት እንደተሰካ ወረቀት ላይ ሥለህ መያዝ ነው።

ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ ነው የሚያወጣው። ኮርድ ብሎ ነገር የለም። ዌንዲ ካርሎስ 1968 ላይ የባክን ሥራዎች በሙግ ስትቀዳ እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ተጫውታ ቴፕ ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ደርባ ነው። ጡብ በጡብ።

የሙቀቱን ነገር ተዉት። ክፍሉ ሲሞቅ ማሽኑ ከቅኝት ይወጣል። እጄ የገባ አንድ አሮጌ ሲንተሳይዘር ነበር። ጠዋት ቃኝቼ አስቀምጠዋለሁ፣ ምሳ በልቼ ስመለስ ሸሽቶ አገኘዋለሁ። ክዳኑን ከፍቼ መዳፌን ወደ ሰሌዳው ሳስጠጋ ሳልነካው ድምፁ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። ከእጄ በሚወጣው ሙቀት። አንድ ሰው ወደ ክፍሉ ገብቶ እንደሆነ የሚያውቅ ነው የሚመስለው። እንግዲህ ነፍስ የለውም የምትሉኝ ይሄንን ነው።

የክራፍትወርክ ከበሮም እንደዚያው። ቮልፍጋንግ ፍሉር ያኔ ይመታው የነበረው ቆዳ የተወጠረበት ከበሮ አይደለም። ራሳቸው ያበጁት ብረት የለበሰ ገበታ ነው። ገመድ የተያያዘበት ቀጭን የብረት ዘንግ ገበታውን ሲነካ ኮረንቲው ይገናኛል፣ ድምፁ ይወጣል። ሲያዩት ሹራብ የሚሠራ ሰው ይመስላል። ሱቅ ሄደው የሚገዙት ነገር ስላልነበረ ነው የሠሩት።


የሌሊት_ፈረቃ፣ 5:38

ጋሼ ብየዳ፣ እጅዎን ሲያስጠጉ ይወርድ ነበር ያሉት ነገር ዛሬም እንቅልፍ ሊነሳኝ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ለካ ያ የምወደው ትንሽ ትንሽ የመንቀጥቀጥ ነገር ሆን ተብሎ የተደረገ አይደለም!


ብየዳ፣ 5:44

አንዳንዱ ሆን ተብሎ ነው፣ አንዳንዱ አምልጧቸው ነው። ስትሰማው አትለየውም።


ቤዝ_ብቻ፣ ማክሰኞ ጠዋት 2:15

እኔ አንድ ዘፈን ብቻ ይዤ ነው የምከራከረው። «አይ ፊል ላቭ»፣ ዶና ሰመር፣ 1977፣ ሙኒክ የተቀዳ። ሞሮደርና ፒት ቤሎት ናቸው ያዘጋጁት።

ጆሮ ማዳመጫ አድርጉና ቤዙን ብቻ ተከተሉ። ኖታው በግራ ጆሯችሁ ይመታል፣ ወዲያው ማሚቶው በቀኝ ይመልሳል። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። የተጫወቱት ግማሹን ነው፣ ሌላውን ግማሽ ማሚቶው ነው የሞላው። በጣት እንዲህ ለስድስት ደቂቃ ልጫወት የሚል ሰው ክንዱ ይያዛል። ማሽኑ ግን አይደክመውም፣ ያ አለመድከሙ ነው ሰውን የሚያሰክረው። መሬቱ ከሥራችሁ እየሄደ እናንተ የቆማችሁ ይመስላችኋል።

ጋሼ ብየዳ ያሉት የቅኝት ጣጣ እዚህም አለ። ሙጉ ቶሎ ቶሎ ይወርድባቸው ስለነበር ሃያ ሠላሳ ሰከንድ ይቀዳሉ፣ ቆም ብለው ይቃኛሉ፣ ደግሞ ይቀዳሉ። ያ ለዘላለም የማይቆም የሚመስለው ነገር እየቆመ እየተነሳ የተሠራ ነው!

ዶና ደግሞ ያ ሁሉ ጉልበት ያላት ዘፋኝ ስትሆን እዚያ ላይ ጉልበቷን አስቀምጣዋለች። በቀጭኑ፣ ከላይ ከላይ ነው የምትንሳፈፈው። ማሽኑ ምድር፣ እሷ ደመና። ዘፋኙ ዴቪድ ቦዊ በርሊን ሳለ አብሮት ይሠራ የነበረው ብራያን ኢኖ ይሄን ሸክላ ይዞ እየሮጠ መጥቶ የወደፊቱን ድምፅ ሰማሁት እንዳለው ተናግሯል። አልተሳሳተም።


ስድስት_ክር፣ 2:50

ቤዝ ብቻ፣ አንድ ነገር ዘለልክ። እዚያ ዘፈን ላይ ዋናውን ከበሮ፣ በእግር የሚመታውን፣ የመታው ሰው ነው። ኪዝ ፎርሲ። ሌላውን ሁሉ ማሽን ሲያደርጉት እሱን ብቻ በሰው እግር ያስመቱት ለምን ይመስልሃል? ሰው የሚያስጨፍረው ሰው ስለሆነ።

ሐሳቤን ራስህ አረጋገጥክልኝ። አመሰግናለሁ።


ቤዝ_ብቻ፣ 2:58

ወይኔ። ይቺን ትችላለህ። ግን እኮ የሚያስጨፍርህ ሁለቱ ሲጋጠሙ ነው። ፎርሲን ለብቻው ብትሰማው ዱም ዱም ዱም ብቻ ነው።


ማዕበል፣ 3:40

ሴት ሲነሳ ዶና ብቻ አትሁን እንጂ። ደሊያ ደርቢሻየርን የሚያነሳ ጠፋ?

1963። ቢቢሲ ራዲዮፎኒክ ወርክሾፕ የሚባል ክፍል ነበረው፣ 1958 ላይ የተቋቋመ። ሮን ግሬነር ለ«ዶክተር ሁ» የቴሌቪዥን ድራማ ዜማውን ጽፎ ሰጣት። ሙግ ገና ገበያ አልወጣም። እጇ ላይ ያለው የአንድ ክር ንዝረት፣ የመሣሪያ መፈተሻ ድምፅ የሚያወጡ ኦሲሌተሮች፣ ቴፕና ምላጭ ነው። እያንዳንዱን ኖታ ቀድታ፣ ቴፑን በማፍጠንና በማዘግየት ከፍና ዝቅ አድርጋ፣ በልኩ ቆርጣ አንድ በአንድ አጣበቀችው። ረዥም ኖታ ረዥም ቴፕ፣ አጭር ኖታ አጭር ቴፕ። ሙዚቃውን በማስመሪያ ለክታ ነው የሠራችው። ቢቢሲ በዚያ ዘመን የክፍሉን ሠራተኞች ስም ስለማይጽፍ ስሟ አልወጣም።

እኔ ይሄን ሳውቅ ከዚያ በኋላ ያ ዜማ ሌላ ሆነብኝ። የሚያስፈራው ለምን እንደሆነ ገባኝ። የትኛውም መሣሪያ እንዲህ አይጮህም። ጆሮህ «ይሄ ከምን ወጣ?» ብሎ ይፈልጋል፣ አያገኝም። ለኔ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ማራኪነት እዚህ ላይ ነው። ጊታር ስትሰማ ጊታሩ ይታይሃል። ይሄን ስትሰማ ምንም አይታይህም፣ ስለዚህ የራስህን ነገር ታያለህ።


ዳር_ተመልካች፣ 3:45

ስለዚህ የመጀመሪያዋ እሷ ናት? ክራፍትወርክ ተሸነፉ?


ማዕበል፣ 3:49

ውድድር አይደለም አቦ። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ያሰለቸኛል። ሁልጊዜ ከጀርባ ሌላ ሰው ይገኛል።


የኪስ_ማስያ፣ 6:20

ስሜን አይታችሁ የማን አድናቂ እንደሆንኩ ገምቱ።

ክራፍትወርክን ሰው ሁሉ «ቀዝቃዛ» ሲላቸው ቀልዳቸውን የሚያይ የለም። 1981 ላይ ስለ ኪስ ማስያ ዘፈን ሠሩ። ስለ ሒሳብ ማስያ! በእንግሊዝኛም በጀርመንኛም በፈረንሳይኛም በጃፓንኛም ዘፈኑት። በዚያ ዘመን መድረክ ላይ ትንንሾቹን መሣሪያዎች ይዘው ወደ ፊት ጠርዝ ይመጡና ከፊት ለቆመው ሰው ይዘረጉለታል፣ ጫን በል ይሉታል። ተመልካቹ ይጫናል፣ ፒፕ ይላል፣ አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። ስድስት ክር፣ የሮክ ጊታሪስት ጊታሩን መሃል ዘፈን ላይ እንዲህ ሲያውስ አይተሃል?

ስለ ድምፃቸውም አንድ ነገር። የሚዘፍነው ራልፍ ሁተር እንደ ሌላው ዘፋኝ አይደለም። ለማሳመን አይሞክርም፣ አይንሰቀሰቅም። ደብዳቤ ጮክ ብሎ እንደሚያነብ ሰው ነው። እዚያው 1981 አልበም ላይ «ኮምፒውተር ላቭ» አለ። አንድ ሰው ብቻውን ነው፣ ማታ ነው፣ ስክሪን ላይ አፍጥጦ የሚያገኘው ሰው ይፈልጋል። በቃ። ያኔ ማን ቤት ኮምፒውተር ነበረ? ዛሬ ግን ይሄን ክር የምናነበው ሁላችን ማለት ነው። እሱ አያለቅስም፣ ዜማው ግን ከኋላው ሄዶ ያለቅስለታል። ዘፋኙ ራሱ ቢያለቅስ ኖሮ እኔ አላለቅስም ነበር።

ደግሞ ሕዝቡ ዘግይቶ ነው የደረሰባቸው። «ዘ ሞዴል» 1978 አልበም ላይ ያለ ዘፈን ነው። ብሪታንያ ውስጥ አንደኛ የወጣው 1982 ላይ ነው፣ ያውም ለ«ኮምፒውተር ላቭ» ሸክላ ጀርባ ማሟያ ሆኖ ተለጥፎ።


አዲስ_ገቢ፣ 8:05

አንባቢ ብቻ ነበርኩ፣ ዛሬ አላስቻለኝም።

«ነፍስ የለውም» ለሚለው መልሱ ሙዚቃውን ማን አነሳው የሚለው ይመስለኛል። ከክራፍትወርክ ከተማ ከዱሰልዶርፍ የወጣውን ይሄን «የደረቀ» ነገር የኒውዮርክ ብሮንክስ ጥቁር ልጆች ናቸው መጨፈሪያ ያደረጉት። 1982 ላይ የወጣው «ፕላኔት ሮክ» የክራፍትወርክን ዜማና ምት ይዞ ነው የተነሳው። ዲትሮይት ውስጥ ደግሞ ኤሌክትሪፋይንግ ሞጆ የሚባለው የራዲዮ ሰው ማታ ማታ ያጫውታቸው ነበር። ያንን እየሰሙ ያደጉት ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቪን ሶንደርሰን ቴክኖ የሚባለውን የጭፈራ ሙዚቃ ወለዱ። ፈንክን በእናት ጡት የጠቡ ሰዎች ናቸው። ነፍስ የሌለው ነገር ቢሆን እነሱ ከማንም በፊት ያውቁ ነበር።


ስድስት_ክር፣ 8:30

ይሄኛው ጥሩ ነጥብ ነው። አልክድም።

ግን ፍርሃቱም ከሜዳ የመጣ አልነበረም። የብሪታንያ ሙዚቀኞች ማኅበር የለንደን ቅርንጫፍ 1982 ላይ ሲንተሳይዘር ይታገድ የሚል ውሳኔ ሐሳብ እስከ ማሳለፍ ደርሶ ነበር። ሰው እንጀራዬ ሄደ ነው ያለው። እኔም በዚያ ዘመን ብኖር እጄን አወጣ ነበር።


ብየዳ፣ 8:52

እኔም አውጥቼ ይሆናል። ግን እየው፣ እነማን ናቸው የተጠቀሙበት? ሂውማን ሊግን ያቋቋሙት ማርቲን ዌርና ኢያን ክሬግ ማርሽ ሥራቸው የኮምፒውተር ኦፕሬተር ነበር። ዘፋኙ ፊል ኦኪ የሆስፒታል ተላላኪ ነበር። ጌሪ ኑማን ጊታር ይዞ ፓንክ ሊቀዳ ስቱዲዮ ሲገባ ሌላ ሰው ትቶት የሄደ ሚኒሙግ አገኘ፣ አንዱን ቁልፍ ነካው፣ ክፍሉ ተንቀጠቀጠ፣ የሙዚቃው መንገድ እዚያው ተቀየረ። 1979 ላይ ብሪታንያ ውስጥ አንደኛ ወጣ። የቫዮሊን ተጫዋችን ቦታ የነጠቁ አይመስለኝም። መድረክ አጠገብ ደርሰው የማያውቁ ሰዎች ናቸው በር ያገኙት።

በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። 1983 ላይ ያማሃ ዲኤክስ7 የሚባለው ሲንተሳይዘር መጣ፣ ድምፁ ተዘጋጅቶ ውስጡ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ አንዱን ፒያኖ ይመርጣል። ጥገና የሚያመጡልኝ ሰዎች ውስጡ ያለውን ድምፅ ለውጠውት አያውቁም። እኔ ለዚህ ዘመን መዝጊያ የማደርገው እሱን ነው።


ቤዝ_ብቻ፣ 9:10

ጋሼ፣ በአክብሮት፣ እዚህ ላይ አልስማማም። በዚያው 1983 «ብሉ ሞንደይ» ወጥቷል።

የኒው ኦርደር ቡድኗ ጊሊያን ጊልበርት የሲኩዌንሰሩን (ኖታዎችን በተራ የሚያጫውተውን ማሽን) ኖታዎች በሙሉ ወረቀት ላይ ጻፈቻቸው። ወረቀቱ በፕላስተር ተጣብቆ ተጣብቆ የስቱዲዮውን ርዝመት አከለ። ከዚያ እያየች አንድ በአንድ አስገባች። አንዷን ኖታ ዘለለች። ስለዚህ ዜማው ከከበሮው ጋር ገጥሞ አይሄድም፣ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ነው የሚዞረው። አላረሙትም። ያ ስህተት ነው ዘፈኑን ዘፈን ያደረገው። ስትሰሙት የሆነ ነገር ያልተስተካከለ ይመስላችኋል፣ ምን እንደሆነ ሳታውቁ ትደግሙታላችሁ።


ብየዳ፣ 9:14

እሺ፣ ተሸነፍኩ። አንድ ዓመት ጨምሩላቸው።


የሌሊት_ፈረቃ፣ ረቡዕ ማታ 4:30

ሦስት ቀን ሙሉ ሳነብ ነው የዋልኩት። ማዕበል ያለችው «ምንም አይታይህም» ትልቅ ነገር ነው። ግን ለኔ የጋሼ ብየዳ መዳፍና የጊሊያን ወረቀት ይበልጡብኛል። እኔ ማሽን የሰማሁ መስሎኝ ነበር። ለካ የሰማሁት ከማሽን ጋር ሲታገል ያመሸ ሰው ነው። የዛሬው መተግበሪያዬ አይታገለኝም። ሁሉንም እሺ ይለኛል።

ስድስት ክር፣ የት ጠፋህ? አኮረፍክ እንዴ?


ስድስት_ክር፣ ረቡዕ ማታ 5:55

አላኮረፍኩም። ልናዘዝ ነው የመጣሁት፣ አትሳቁብኝ።

የኮልድፕሌይ «ቶክ» የሚባል ዘፈን አለ፣ 2005። የመግቢያው የጊታር ዜማ ከምወዳቸው አንዱ ነው። ለስንት ሰው አስተምሬዋለሁ። «ነፍስ ያለው ጊታር ማለት ይሄ ነው» እያልኩ።

ትናንት የኪስ ማስያ የጠቆመውን «ኮምፒውተር ላቭ» ከፈትኩት። ሠላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ዜማው መጣ። ራሱ ነው። አጠፋሁት። መልሼ ከፈትኩት። ራሱ ነው! ፈልጌ አነበብኩ፣ ክራፍትወርክን አስፈቅደው ነው የወሰዱት።


ዳር_ተመልካች፣ 5:56

ፈንዲሻው አለቀብኝ፣ ልጨምር ልሂድ።


የኪስ_ማስያ፣ 5:58

😂😂 ይሄን ቀን ስጠብቅ ነበር። ታዲያ የቱ ይሻላል?


ስድስት_ክር፣ 6:20

የጊታሩ ይሻላል ብዬ ልጽፍ ነበር። ከዚያ ጊታሬን አንስቼ እነሱ እንደተጫወቱት ልሞክረው አልኩ። ኮርድ የለ፣ ማስዋብ የለ፣ አንድ ኖታ ባንድ ጊዜ። መጀመሪያ እጄ አልታዘዘኝም፣ ልምዱ ሆኖ የሆነ ነገር ይጨምርበታል። እየቀነስኩ እየቀነስኩ መጣሁ። አንድ ክር ብቻ ላይ አለቀ።


የሌሊት_ፈረቃ፣ 6:22

ስምህን ቀይራ እንግዲህ።


ስድስት_ክር፣ 6:23

ገና ነው። አምስቱን ክር ለክፉ ቀን ይዤዋለሁ።